የሐኪሙ ጨዋታና የእማዬ ገጽ

ጥቅምት 3 ቀን

በሰው አገር ለምትኖሪው ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ እጅሽን ከስንፍና፣ አፍሽን ከከንቱ ወሬ ይጠብቅልሽ። እኔ ለክፉ አልሰጠኝም። ሱቄን በጠዋት እከፍታለሁ፤ የሰው ሰዓት ስፈታና ስገጥም ይመሻል። እናትሽም ደህና ናት፤ ትንሽ ያስላታል እንጂ።

ከዚህ በፊት የላክሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ያልመለስኩት የሚመለስ ነገር ስላልነበረባቸው ነው። ስለ አዲሱ ጫማሽና ስለ ጎረቤትሽ ድመት አንብቤ ምን ልበል? ድመቷን ሳሚልኝ ልበል?

አሁን ግን ቁም ነገር መጣ። ሐኪሙና ሸማኔው የዘንድሮውን ታላቅ የቼዝ ግጥሚያ የሚያደርጉት አንቺ በምትሠሪበት ሆቴል መሆኑን በሬዲዮ ሰማሁ። የሆቴሉን ስም ሲጠሩ አጉሊ መነጽሬ ከዓይኔ ላይ ወደቀ። በፖስታሽ ላይ የታተመው ስም እኮ ነው! ሕክምና ተምሮ ለቼዝ ሲል የተወው ሐኪሙ፣ ክር በክር እየቋጠረ ሰው የሚያንቀው ሸማኔው፣ ሁለት ግራንድ ማስተሮች አንቺ ወንበር በምትደረድሪበት አዳራሽ! ጥርስ ለሌለው ቆሎ ይሰጣል ይባላል፤ ፈጣሪ ይህን ዕድል የሰጠው ለአንቺ ነው።

ከእንግዲህ የእያንዳንዱን ጨዋታ እርምጃ ገልብጠሽ ትልኪልኛለሽ። ቼዝ ያስተማርኩሽ ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው። እንደምታውቂው ከሱቄ በላይ ባለችው ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ለክበቡ ሰዎች ጨዋታ የምተነትነው እኔ ነኝ። ጋዜጦቻችን ውጤት እንጂ እርምጃ አይጽፉም። ክበቡ የሚያየው በእኔ ዓይን ነው፤ እኔ የማየው እንግዲህ በአንቺ ነው።

ስልክ ለመደወል አትድከሚ። አስቆርጬዋለሁ። ጨዋታ ሳሰላ እየጮኸ አስቸገረኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ካሉበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ቤቱም፣ ሱቁም፣ በቤቱ ያላችሁም ሁሉ ሰላም ሁኑልኝ። ስልኩ አልገባ ሲለኝ ልቤ ተሰቅሎ ነበር፤ መቆረጡን ሳነብ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

እርስዎ እንዳሉት ነው፤ የሦስተኛው ፎቅ አዳራሾች ኃላፊ እኔ ነኝ። ጠረጴዛውንም መብራቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሸማኔው ወንበሩ ይንቋቋል እያለ ስንት ጊዜ አስለወጠኝ። ሐኪሙ ግን በመጣለት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ምንም አይልም፤ ሰው ፊቱ ላይ ቢያስነጥስ እንኳ የሚሰማ አይመስለኝም።

የሁለተኛው ዕለት ጨዋታ ነው የገረመኝ። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ ንግሥቱን አንሥቶ የሸማኔው ፈረስ ሊበላት በሚችልበት ቦታ አስቀመጣት፤ በለውጧ የሚያገኘው አንድ ጳጳስና አንድ ፈረስ ብቻ ነው። አዳራሹ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ሸማኔው ቀና ብሎ አየው፤ መልሶ ሰሌዳውን አየ፤ በላት። ከዚያ ሁላችንም የሐኪሙን ነጎድጓድ ስንጠብቅ እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በዳር ያለችውን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋ። ይኸው ነው። ተነሥቶ ውኃ ሊጠጣ ሄደ።

ሁለት ወረቀት ልኬያለሁ። አንዱ የጨዋታዎቹ እርምጃ ነው፤ የእርስዎ። ሁለተኛው የእማዬ ገጽ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማንበብ እንደማትችል ያውቃሉ። እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላት፤ በግራ ጆሮዋ በኩል ይሁኑ። ለሳሉስ ሐኪም አያት? የሰሌዳውን ሳይሆን የሆስፒታሉን ማለቴ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 15 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

በረከት ይደርብሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። ወረቀቱ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍሽ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል፤ ቢሆንም ተነቧል።

እንዲህ ያለ ጨዋታ በዕድሜዬ አላየሁም። ንግሥት ሰጥቶ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ እያለ ንጉሥ የሚያሳድድ በየሰፈሩ ሞልቷል። ሐኪሙ ግን ንግሥቱን ያህል ነገር ሰጥቶ ወታደር ገፋ! ቤቱ እየነደደ አበባ የሚያጠጣ ሰው ማለት ነው። እኔም ለሦስት ቀን ያችን ወታደር ሳያት ሰነበትኩ፤ ከዚያ በራልኝ። ወታደሯ የሸማኔውን ጳጳስ ብቸኛ መውጫ ዘጋች። ጳጳሱ ካልወጣ ግንቡ አይወጣም፤ ግንቡ ካልወጣ ንጉሡ መተንፈሻ የለውም። ሸማኔው ሀብታም ሆኖ ታፈነ። ንግሥቲቱ ብቻዋን ባዶ ሜዳ ላይ ትንከራተታለች፤ የሐኪሙ ፈረሶች ግን ልክ እንደ ጎረቤት ሳያንኳኩ ይገባሉ። ጨዋታ ማለት ይህ ነው፤ ጨካኝ ሰው ብቻ የሚጫወተው።

ቅዳሜ ሳስረዳ ፀጉር አስተካካያችን እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ተሳስቶስ ቢሆን?» አለ።

«አንተ ፀጉር ቁረጥ» አልኩት፤ «እሱንም ብታስተካክለው ምን አለበት፤ የቆረጥከውን ሰው ሁሉ እኮ ራሱን አስጠልተኸዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አየሩ ቀለል ብሎናል።

የእናትሽን ገጽ አነበብኩላት። ሳቀች። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት አሉ፤ እያረፈች ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። አዳራሹ «ውይ» ማለቱ አይጠቅመኝም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ንግሥቱን ሲያስቀምጥ ጣቱ ቆየባት ወይስ ወዲያው ለቀቃት? ሸማኔው ላብ ነበረበት? የማሰቢያ ሰዓቱን በየትኛው እጁ ነው የሚመታው? አይተሽ ጻፊ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ሳቀች ያሉኝን መስመር ስንት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የትኛው ላይ ነው የሳቀችው? አለቃዬ ሱሪው ተቀዶ ንግግር ያደረገበትን ነው ወይስ ቁልፍ ረስቼ በመስኮት የገባሁበትን? የሳቋን ነገር ካወቅሁ በሚመጣው ገጽ ላይ እጨምርላታለሁ።

ለጥያቄዎ፦ ሐኪሙ የለቀቃት ወዲያው ነው። ሸማኔው አያልበውም፤ ጆሮው ግን ይቀላል። ሁለቱም ሰዓቱን የሚመቱት በቀኝ እጃቸው ነው።

በዚህ ሳምንት ተራው የሸማኔው ነበር። ሐኪሙ ሁሉንም ጠጠሮቹን ንጉሡን ለመጠበቅ ሰብስቧል። ግንብ ቢነቃነቅ ያልቅለታል፤ ንግሥት ብትነቃነቅ ያልቅለታል። ሸማኔውም ለመግደል አንድ ሰው ብቻ ጎደለው። ታዲያ ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? ራሱን ንጉሡን! ግንቦችና ንግሥቶች ገና ሰሌዳው ላይ እያሉ፣ ሌላው ሰው ንጉሡን ጥግ በሚደብቅበት ሰዓት፣ የሸማኔው ንጉሥ ከቤቱ ወጥቶ በቀኝ በኩል አንድ በአንድ ወደ ላይ ይራመድ ጀመር። ሐኪሙ ማየት እንጂ መንካት አልቻለም። የሸማኔው ንጉሥ አጠገቡ ሲደርስ ሐኪሙ ለሸማኔው እጁን ዘረጋለት፤ ተሸነፈ።

ጋሼ፣ አንድ ምክር እፈልጋለሁ። አለቃዬን ካስፈቀድኩ አሁኑኑ ለጥቂት ሳምንት መምጣት እችላለሁ። ካልሆነ ደግሞ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ነው። ለእማዬ የቱ ይሻላል? እርስዎ ነዎት አጠገቧ ያሉት፤ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

የእማዬ ገጽ ከዚህ ጋር ነው። በዚህኛው ትንሽ በዛ አድርጌ ጽፌያለሁ፤ እንዳይሰለችዎት።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 23 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

መንገድሽ የቀና፣ እንጀራሽ የሰፋ ይሁን። እንዳትመጪ።

ነገሩን በሰከነ ልብ አስቢው። ግጥሚያው ከግማሽ አልፏል። አንቺ ከመጣሽ የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች ማን ይልክልኛል? ያ ሱሪው የተቀደደው አለቃሽ? የጀመሩትን መጨረስ የጨዋ ልጅ ደንብ ነው። ስለ እናትሽ አትጨነቂ። አሁን ሳሏ ቆሟል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ማታ ማታ ሰሌዳዬን ዘርግቼ ማንም ሳይረብሸኝ አስባለሁ።

የንጉሡ ጉዞ! ልጄ፣ ጥሩ ዓይን ቢኖርሽ እዚያው ታለቅሺ ነበር። ሰው ሁሉ ድፍረቱን ያደንቃል፤ ድፍረት አይደለም። ሸማኔው ከመነሣቱ በፊት በሩን ሁሉ ቆልፏል። ሐኪሙ አንዲት ነፃ እርምጃ ብትኖረው ኖሮ ያ ንጉሥ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የለችውም። እጅና እግሩ ታስሮ የሚመጣበትን እያየ ጠበቀ። ለክበቡ ሰዎች ይህን ሳስረዳ የቧንቧ ሠራተኛው «ያሳዝናል» አለ። «ማዘን ከፈለግህ ከማዶ ያለው ሱቅ ሶፍት ይሸጣል» አልኩት። ሰሌዳ ላይ ማዘን የተሸናፊ ሥራ ነው።

ቀሪዎቹን ጨዋታዎች ቶሎ ላኪ። ፖስታው ሰሞኑን ዘግይቷል፤ እዚያ ያለውን ሠራተኛ ተቆጪው።

አጎትሽ


ጥር 12 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ባሉበት ሰላም ይሁኑ። እንዳሉኝ ቀርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሳሏ ቆሟል ይላሉ፤ ደስ ብሎኛል። ስለምን እንደሳቀች ግን አልነገሩኝም። መጣች፣ ሄደች፣ በላች፣ ተቆጣች የሚል አንድም ቃል የለበትም። እማዬ እኮ ሳትቆጣ የምትውል ሰው አይደለችም።

አንድ ነገር ይተባበሩኝ። መጻፍ ባትችልም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው በሚቀጥለው ደብዳቤ ግርጌ ያትሙልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የፈለጉት ጨዋታ ይኸው። ይህኛው ጸጥተኛ ነበር። ሐኪሙ አንድም ጠጠር አልበላም ማለት ይቻላል። ሸማኔው ሁሉም አለው፤ ንግሥቱ፣ ግንቦቹ፣ ወታደሮቹ፣ ሁሉም በየቦታቸው ቆመዋል። ችግሩ ተራው የእሱ መሆኑ ነው። የትኛውንም ቢያነሣ የሆነ ነገር ይፈርስበታል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ በቼዝ የለም። ጆሮው ቀላ። ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ ንጉሡን በጣቱ ገፍቶ አጋደመው። ጠረጴዛውን ሳነሣ ጠጠሮቹን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አንድም የጎደለ የለም ማለት ይቻላል፤ ግን ተሸንፏል።

የእማዬን ገጽ ያንብቡላት። ጣቷን አይርሱብኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 1 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ልብ ይስጥሽ። ሴት ልጅ ከእናቷ ርቃ ስትቀመጥ ሐሳብ እንደሚበዛባት አውቃለሁ፤ ሥራ ያልበዛበት ጭንቅላት ደግሞ ይብስበታል። የጠየቅሽውን ጣት ከታች አትሜዋለሁ። አሁን አርፈሽ ተኚ።

ጸጥተኛ ያልሽው ጨዋታ ከሁሉም ይበልጣል። ሰውን ሳይመቱ መግደል! መንቀሳቀስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ መሞት! ይህን ጨዋታ ለክበቡ ያሳየሁ ዕለት ሁሉም ደብተሩን አውጥቶ ገለበጠ። የቧንቧ ሠራተኛው እንኳ እርሳስ ተበደረ።

ግጥሚያው ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ቀርቶታል። ሐኪሙ በአንድ ነጥብ ይመራል። የመጨረሻውን ከሁሉም በላይ ተጠንቅቀሽ ገልብጪ። ለእሱ ትልቅ ነገር አስቤያለሁ።

አጎትሽ

(ከዚህ በታች በሰማያዊ ቀለም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አለ።)


የካቲት 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናና ሰላም ይስጥልኝ። አሻራው ደርሶኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ እርምጃ ከዚህ ጋር ነው። ሐኪሙ ግጥሚያውን ማሸነፉን በሬዲዮ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ እንዴት እንደሆነ ግን ከዚህ ወረቀት ሌላ የትም አያገኙም። ሃያ ሦስተኛዋን እርምጃ ልብ ይበሉ። ሸማኔው የሐኪሙን ግንብ ሊበላ ተዘጋጅቷል። ሐኪሙ ግንቡን አያድንም። ንጉሡን ወደ ጥግ አንድ እርምጃ ያስገባል፤ ግንቡን ውሰደው ብሎ ይተወዋል። ለምን እንዲህ እንዳደረገ እኔ አልገባኝም፤ እርስዎ ግን ይገባዎታል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ እርምጃ የሚገባው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው።

በዚህ ጨዋታ ላይ ብዙ ሰው ሰብስበው ቢያስረዱ ደስ ይለኛል።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ተባረኪ! የእናትሽ ማህፀን ይባረክ! ሃያ ሦስተኛዋ እርምጃ አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ ከለከለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ለአንቺም እንዳልገባሽ ይታወቃል። በመጨረሻ ሱቅ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ ሰዓት ስፈታ በራልኝ። ንጉሡ ጥግ የገባው ከአሥር እርምጃ በኋላ የሚመጣውን ቼክ ከወዲሁ ለማምለጥ ነው! ግንቡ ማዘናጊያ ነው። የዓለም ጸጥተኛዋ እርምጃ ብዬ ሰየምኳት።

ለሚመጣው እሑድ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አግኝቻለሁ። ማስታወቂያ አስለጥፌያለሁ። ከዋናው ከተማ አንድ አሠልጣኝ ይመጣል፤ በሩቁ የሚፈራ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው ሐኪሙ ግጥሚያውን ማሸነፉን ብቻ ነው፤ እርምጃው በእጁ የለም። እስቲ ይስማ።

በዚህኛው ፖስታ ለእናትሽ ገጽ አለመጨመርሽን አይቻለሁ። መልካም ነው፤ ትልቅ ሰው ሆነሻል።

አጎትሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ የመጨረሻውን ጨዋታ ከዋናው መዝገብ ላይ እንደገና ገልብጪና ላኪ። ስትገለብጪ ተሳስተሻል። መቼም ሆን ብለሽ አይደለም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ተመልሶ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ሃያ ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አሁን የምታዩትን ለልጅ ልጆቻችሁ ታወሩታላችሁ» አልኩ። ንጉሡን ጥግ አስገባሁት። ከፊት የተቀመጠው አሠልጣኝ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«ይቅርታ፣ ይህን የተጫወተው ማነው?» አለ።

«ሐኪሙ ነዋ!»

«ሸማኔውስ ግንቡን በላ?»

«በላ! ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው።»

ተነሥቶ መጣ። ሳያስፈቅደኝ የሸማኔውን ንግሥት ያዘና ሐኪሙን እንደሚያናግር ሰው ጀመረ። «ግንቡን ለምን እበላለሁ? ይችን ወታደር እበላለሁ። ቼክ። ንግሥቴን በግንብህ ካልበላህ ሌላ ምርጫ የለህም። በላህ? እሺ። አሁን ንጉሥህ ጥግ ነው፤ ግንብህ በአንድ ጎን፣ ወታደሮችህ በሌላው። ራስህ ቆልፈህበታል።» ከዚያ ፈረሱን አነሣ። «ማት። ንጉሥህ ሞተ።»

ሳይ፣ ማት ነው።

«አባት፣» አለኝ፤ በለሆሳስ ነው ያለው፣ አዳራሹ ግን ሰምቷል፤ «ይህን ግራንድ ማስተር አይጫወተውም። ሐኪሙ ሰክሮ እንኳ አይጫወተውም። እርስዎ ደግሞ ለአንድ ሰዓት አመሰገኑት።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አውቃለሁ። መቀስ የለመደ እጅ ያለው ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከአዳራሹ ስወጣ የቧንቧ ሠራተኛው ሶፍት አውጥቶ ሰጠኝ።

የክበቡን ቁልፍ መልስ ብለውኛል። እኔም «የተሳሳተ ግልባጭ ነው፤ እውነተኛው ሲመጣ ሁላችሁም ታፍራላችሁ» ብያቸዋለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ፈጥነሽ ላኪ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 10 ቀን

ለአጎቴ፣

ከእንግዲህ አንተ ነው የምልህ።

አልተሳሳትኩም። ያችን እርምጃ የሠራኋት እኔ ነኝ። ስትሰጠኝ የኖርከውን ትምህርት ሁሉ አሰብኩና አንተ የማታያትን ማት ፈልጌ ንጉሥህን ወደ እሷ መራሁት። ግራንድ ማስተር ተጫወተው ከተባልክ ጉድጓድ ውስጥም እንደምትገባ አውቅ ነበር።

እማዬ የሞተችው በታኅሣሥ ነው። የነገረችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። አድራሻዬን ስትለምንህ ከልክለሃታል፤ እሷ ግን የሆቴሉን ስም ከጣልከው ፖስታ ላይ አንብባ ወደ ሥራ ቦታዬ ደወለች። «ልጄ፣ መቼም ሰምተሻል ብዬ ነው፤ ለምን አልመጣሽም?» አለችኝ። አዳራሹ መሐል ቆሜ ነበር። የሐኪሙን የውኃ ብርጭቆ ይዤ ነበር።

ሌላም ነገረችኝ። የእማዬን ገጾች ጀርባቸው ባዶ ነው ብለህ ሰሌዳ ሥለህባቸው ክበቡ ግድግዳ ላይ ለጥፈሃቸዋል። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ልትለካ ወጥታ አይታለች። ከአንዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ «እማዬ» የሚለው ቃል ተገልብጦ ይነበባል አለችኝ።

የላክኸው አሻራ መሐሉ የተሰነጠቀ ነው። አውራ ጣትህን መፍቻ የወጋህ ዕለት ቁስሉን ያሠርኩልህ እኔ ነበርኩ። የእማዬ ጣት እንዲህ አይደለም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ልብስ ሰፊዋ በዚያ የመጨረሻ ቀን በግድግዳው በኩል ስትነጋገሩ ሰምታለች፤ ቃሉ አልተሰማትም። ምን አለች? ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ያኔ የመጨረሻውን ጨዋታ እንደሆነው አድርጌ እልክልሃለሁ። ካልጻፍክ ደግሞ የክበቡን ቁልፍ መልስላቸው።

የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ አልሰጥሽም፤ አንቺም አልሰጠሽኝም። መርዶ እንደ ዕቃ በፖስታ አይላክም ብዬ ነው የደበቅሁሽ፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ጨዋታው እስኪያልቅ ብዬ ነበር። ብትሰሚ ትመጪ ነበር፤ ብትመጪ ደግሞ አትነሣም።

የጠየቅሽውን ይኸው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

የሞተችው የንጉሡ ጉዞ ያለበት ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ሰሌዳዬን ዘርግቼ ነበር፤ ብቻዬን ተወኝ እንዳትል እዚያ ነበር የምቀመጠው። ፖስታውን ስቀድ ሰማች።

«የልጄ ነው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ምን ትላለች?»

«ስለ ጨዋታ ነው።»

ንጉሡ ከቤቱ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም። ገጽሽ ደግሞ ረጅም ነበር። በግራ ጆሮዋ ሄጄ ያን ሁሉ ካነበብኩ የጀመርኩት ሐሳብ ይበተንብኛል።

«ለኔስ? ለኔ የጻፈችው የለም?»

«የለም» አልኳት።

«ከዚያ በፊት በመጡትስ?»

«በእነዚያም የለም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሥራ ቢበዛባት ነው» አለች። «እሷ እንዲህ አታደርግም። ሥራ ቢበዛባት ነው።»

ሌላ አልተናገረችም። ንጉሡ ሐኪሙ አጠገብ ደርሶ ቀና ስል አርፋለች። ሳቀች ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አንብቤላት አላውቅም።

ይኸው ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። እርምጃዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይጎድል። ክበቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ በሱቄ በር እያለፈ «መጣ እንዴ ጋሼ?» ይለኛል። አሠልጣኙንም ጠርቼዋለሁ፤ ሁሉም ባሉበት ነው ፖስታውን የምከፍተው።

አጎትሽ


ግንቦት 9 ቀን

ለአጎቴ፣

ይህ ፖስታ ሁሉም ባሉበት ይከፈታል ስላልክ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለቧንቧ ሠራተኛውም፣ ከሩቅ ለመጡት አሠልጣኝም።

ቃል የገባሁትን እነሆ። ባለፈው የላክሁት ወረቀት ላይ የተሳሳተችው ሃያ ሦስተኛዋ እርምጃ ብቻ አይደለችም። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ የኔ ፈጠራ ናት። ያን ሁሉ ሰዓት ያመሰገንከው ጨዋታ በዓለም ላይ ተጫውቶት የሚያውቅ የለም።

እውነተኛው ጨዋታ እንዲህ ነው። ሐኪሙ በአንድ ነጥብ ይመራ ስለነበር እኩል መውጣት ይበቃው ነበር። የንግሥቱን ወታደር ገፋ። ሸማኔውም ገፋ። ሐኪሙ ፈረስ አወጣ። ሸማኔውም አወጣ። ሸማኔው ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ይናፈጥ ነበር፤ ለመጫወትም አቅም አልነበረውም። ከዚያ ሐኪሙ ቀና ብሎ እኩል እንውጣ ሲል እጁን ዘረጋ። ሸማኔው ሰሌዳውን ሳያይ ጨበጠው። ከመጡ ሩብ ሰዓት አልሞላቸውም። ኮታቸውን ለበሱ፤ ሄዱ። እኔም መብራቱን አጠፋሁ።

የሚተነተን ነገር የለውም። ያለው ይኸው ነው።

የእህትህ ልጅ